ከዶሮ የሚሸሸው ነርስ

የኔሰው ምሳው ደም ይፈራ ነበር። እንደ ብዙ ሰው ፊቱን አዙሮ «ውይ» ብሎ የሚያልፍ ፈሪ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራን። እሱ ደም ሲያይ መጀመሪያ ከንፈሩ ይነጣል፣ ቀጥሎ ጆሮው ይጮኻል፣ ከዚያ ጉልበቱ ይከዳውና በቆመበት ይዘረራል። የራሱ ደም ይሁን የሰው፣ የበግ ይሁን የዶሮ፣ አያማርጥም። በዚህ ላይ የተወለደው ዋግ ውስጥ፣ ደሃና ነው። ደሃና ውስጥ ወንድ ልጅ ሰነፍ ቢሆን ይመከራል፣ ሰካራም ቢሆን ይታዘንለታል፤ ዶሮ መባረክ አልችልም ቢል ግን ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሽማግሌ የለም። እንዲህ ያለ ወንድ ገጥሟቸው አያውቅማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር ሴት አታርድም፤ ሴት ያረደችውንም የሚቀምስ የለም። ይህን መጀመሪያ ማን እንደወሰነ ብትጠይቁ «ከጥንት ነው» ይሏችኋል፤ ጥንት ደግሞ ተጠርቶ አይመሰክርም። ስለዚህ ቤቷ ወንድ የሌላት ሴት በበዓል ዋዜማ ዶሮዋን በአንድ እጇ፣ ቢላዋዋን በሌላው ይዛ ደጃፏ ላይ ትቆምና የመጀመሪያውን አላፊ «እባክህ ባርክልኝ» ትለዋለች። አላፊው ቢቸኩልም ይቆማል። ወደ ምሥራቅ ይዞራል፣ በስመ አብ ይላል፣ ይባርክላትና መንገዱን ይቀጥላል። ማንም ወንድ እምቢ አይልም፤ እምቢ የሚባል ነገር መሆኑም ትዝ የሚለው የለም።

የየኔሰው አባት ምሳው በጠመንጃውና በድፍረቱ ደሃና ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነበር። የሞተው ግን በጥይት አይደለም፣ በወባ ነው። የኔሰው ጢሙ ሳያቀመቅም የቤቱ ወንድ ሆነ። የመጀመሪያው ፋሲካ ሲደርስ እናቱ ወለተ ሰንበት ቢላዋውን ስላ፣ ዶሮዋን ጠፍራ አቀበለችው። ልጁ ቢላዋውን አስጠጋ፤ ገና ቀይ ነጠብጣብ ብቅ ከማለቱ ሰማይና ምድር ተደባለቁበት። ሲነቃ ፊቱ ላይ ውሃ ይረጩበታል። ዶሮዋ ጭረቷን ይዛ የታረሰውን ማሳ አቋርጣ ሄዳለች። ጎረቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ዶሮ ያባርራል፣ ግማሹ ልጅ ያነቃል። «እሳት አመድ ወለደ» ያሉም አልጠፉ። ወለተ ሰንበት ግን እናት ናትና «ጾሙ ነው ያዞረው» አለች። ያ ሰበብ ለጊዜው ሠራ፤ ገና እና ጥምቀትም ሲመጡ ልጁ ሌላ ሰበብ አላጣም። በየዋዜማው ወይ ፍየል ይጠፋበታል፣ ወይ ሩቅ አገር ያለ ዘመድ ይታመምበታል። በደሃና እንደ እሱ ፍየል የጠፋበት ሰው የለም።

እንዲህ ያለው ሰው ነርስ ለመሆን ምን አሰበ ትሉ ይሆናል። ያሰበውስ ደም አልነበረም። አንድ ክረምት እናቱን ወባ ያንቀጠቅጣት ጀመርና በቃሬዛ አምደወርቅ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ነጭ የለበሰ ሰው በመስኮት እጁን ዘርግቶ ክኒን አቀበላቸው። ሳምንት ሳይሞላ ወለተ ሰንበት ተነሥታ ጎረቤት ትቆጣ ጀመር። የኔሰው ያን ቀን ከቤቱ ኋላ ሄዶ አለቀሰ። አባቱን የወሰደው በሽታ ከአንዲት መስኮት በወጣች ክኒን መመለሱ አስደሰተውም፣ አናደደውም። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምኞት አልነበረውም፤ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ቆሞ ክኒን የሚያቀብል ሰው መሆን። ከመስኮቱ ኋላ ሌላ ክፍል እንዳለ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ መቀስና መርፌ እንዳለ ግን የነገረው አልነበረም።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ደሴ ለነርስነት ሲገባ ወለተ ሰንበት ለደሃና ሁሉ «ልጄ ዶክተር ሊሆን ነው» ብላ አወጀች። በክፍል ትምህርት የሚያህለው አልነበረም። የደምን ዝውውር በቃሉ ይወጣዋል፤ በወረቀት ላይ ያለ ደም ቀይ ቢሆንም አይፈስም። ችግሩ የመጣው በዘጠና ስድስት ዓ.ም. ለተግባር ልምምድ ሰቆጣ ጤና ጣቢያ የተላከ ጊዜ ነው።

ልምምዱን የሚያዩት ሲስተር መስታወት የሚባሉ፣ ቀጭን፣ ነገራቸው ቁጥብ፣ ለሳቅ የማይቸኩሉ ሴት ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ራሱን በድንጋይ የተፈነከተ ጎረምሳ መጣና ሲስተር የኔሰውን የቁስሉን ጨርቅ፣ ጎዙን፣ ተጭነህ ያዝ አሉት። ያዘ። ጎዙ ቀላ። ሲነቃ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ የተፈነከተው ጎረምሳ ቦታውን ለቆለት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ሲስተር እዚያው በቁሙ ይሰፉታል። ጎረምሳው ከራሱ ይልቅ የወደቀው ነርስ ነገር አሳስቦት ምግብ በልቶ እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው። ለወባ ምርመራ የአንዲት ሴትዮ ጣት ወጋ፤ አንዲት ጠብታ ብቅ አለች፤ ሴትዮዋ ራሷ ደግፋ አስተኛችው።

ሲስተር መስታወት አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ለብቻው ጠርተው አስቀመጡት።

«አእምሮህ ጥሩ ነው፤ ታማሚም ታከብራለህ» አሉት። «ደም መፍራት ነውር አይደለም። ታማሚ ላይ መውደቅ ግን አይቻልም። ጊዜ እሰጥሃለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ማክሰኞ፣ እኔ ፊት ቁስል ትሰፋለህ። ያን ቀን ከወደቅህ ልጄ፣ ሌላ ሥራ ፈልግ።»

የኔሰው ከዚያ ወጥቶ ሄደ። የሚያስፈራው መባረሩ ብቻ አይደለም። ደሃና ተመልሶ እናቱን ምን እንደሚላት አያውቅም። ያች ሴት በገበያ ሰላም ስትባል እንኳ እንደ ዶክተር እናት ቀስ ብላ መመለስ ጀምራለች።

የተከራየው ይታየሽ ከምትባል ባል ከሞተባት ጠላ ሻጭ ግቢ አንዲት ክፍል ነው። አንድ ልጇ ሥራ ፍለጋ ሑመራ ወርዶ ብቻዋን ናት። የገና ዋዜማ ይታየሽ ዘንድሮ ደጃፍ ላይ መቆም ቀረልኝ ብላ በደስታ ዶሮዋን ይዛ ወደ ተከራይዋ ክፍል መጣች። የኔሰው ዶሮዋን አየ፣ ቢላዋውን አየ፣ አመድ መሰለ። ሰበብ ፈለገ፤ ሰቆጣ ውስጥ ደግሞ ፍየል የለውም። «እትዬ፣ እኔ ቢላዋ አልይዝም» ብሎ በጎኗ ሾልኮ ወጣና እስኪመሽ አልተመለሰም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያች ቃል በዚያው ዕለት ጠላ ቤቱ ውስጥ ወደቀች። ከጠጪዎቹ መካከል ካሤ የሚባል፣ ድሮ ታጣቂ የነበረ፣ የዋግን ቂምና ደም ሁሉ ከነትውልዱ የሚቆጥር ሰው ነበር። ብርሌውን አስቀመጠና «ቢላዋ አልይዝም የሚል ወንድ፣ ይዞ ያየ ነው» አለ። ወዲያው ሌላው ሌላውን ጨመረ። ልጁ ከደሃና ነው፤ ዘመድ ሲጠይቀው አይታይም። ሲቀመጥ ሁልጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ነው። በሥጋ ቤቶቹ በኩል አያልፍም። በቃ፤ ሰው ገድሎ ነው የመጣው፤ ነፍስ አባቱ ዳግመኛ ደም እንዳይነካ ገዝተውታል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ የሰቆጣ ሰው ጨመረበት፤ ጥምቀት ሳይደርስ ሟቾቹ ሁለት ሆኑ።

የኔሰው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ያወቀው ከተማው እንደወደደው ብቻ ነው። ጠላ ቤት ሲገባ ከግድግዳው ጥግ፣ በሩን ፊት ለፊት የሚያሳየውን ቦታ ይለቁለታል። መንገድ ላይ የሰውን ትከሻ እየገፉ የሚሄዱት ጎረምሶች እሱ ሲመጣ ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። ካሤ ራሱ ቆሞ እጅ ይነሣዋል። ልጁ ነርስ ስለሆንኩ ነው ብሎ በልቡ ሙያውን አመሰገነ።

እውነቱን ያስታወቁት በዐቢይ ጾም መካከል ወደ ክፍሉ የመጡት አባ ገብረ ጻድቅ ናቸው። እኒህ ቄስ ባለ ደሞችን በማስታረቅ የታወቁ ናቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ መስቀላቸውን አሳለሙት፣ ስለ ዝናቡም ስለ ገበያውም ከጠየቁት በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ የሟች ወገኖች የየት አገር ሰዎች ናቸው?»

«የየትኛው ሟች፣ አባ?»

«ያንተ።»

የኔሰው ደነገጠ። ማንንም እንዳልገደለ፣ ዝንብ እንኳ በእጁ እንደማይገድል ማለላቸው። አባ ገብረ ጻድቅ በትዕግሥት አዳመጡት። «ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው» አሉ። «አይዞህ። ደም በሽማግሌ ይደርቃል።»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ «ፈርቼ ነው» ማለት። አፉ ድረስ መጣችና ተመለሰች። አንድ ወንድ በዋግ ምድር ገዳይ ነህ ቢሉት ያዝናል፣ ንስሐ ይገባል፣ ይታረቃል። ከዶሮ ሸሸህ ቢሉትስ ማን ያስታርቀዋል? ደግሞም፣ ልክድለት አልችልም፣ ነገሩ ጣፍጦታል። ዕድሜውን ሙሉ ፈሪ ነኝ ብሎ ሲሸማቀቅ የኖረ ሰው አንድ ጊዜ ተፈርቶ ቢያይ ደስ ይለዋል። ጊዜ እንዲሰጡት ለመናቸው። ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ። ያ ዝምታ ግን ነቀዘ።

የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳም ሹር፣ ደረሰ። የኔሰው ሴቶቹ ዶሯቸውን እስኪያስባርኩ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ክፍሉን ዘግቶ ተቀመጠ። ይታየሽ እንደ ልማዷ ደጃፏ ላይ ቆመች። አንዱ አላፊ መጣ፤ «ባርክልኝ» አለችው፤ ወደ ግቢው ውስጥ ሰርቆ አየና እንዲህ ያለ ሰው በቤትሽ እያለ እኔ ምን ቤት ነኝ ብሏት አለፈ። ሁለተኛውም መጣ፤ እሱም እንደዚያው። ያ የተፈራ ሰው ባለበት ግቢ ገብቶ ቢላዋ የሚመዝ፣ እንደ ናቅሁት ይቆጠርብኛል ብሎ የማይሰጋ ወንድ በዚያ ሰፈር አልተገኘም። ጥላው ከደጃፏ ዞረ፤ የሌሎቹ ቤት ወጥ ሸተተ። ይታየሽ ወደ ጓዳዋ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ዶሮዋን በጉልበቷ ያዘችና ማንም አያየኝም ብላ ቢላዋውን አነሣች። ዕድሜዋን ሙሉ አርዳ አታውቅም። ዶሮዋ ተንፈራገጠች፤ ቢላዋው የዶሮዋን አንገት ስቶ የይታየሽን የግራ አውራ ጣት ሥር ያዘ።

የየኔሰው በር በክርን ተመታ። ሲከፍት ይታየሽ እጇን በነጠላ ጠቅልላ ቆማለች። ነጠላው ነጭ መሆኑ ቀርቷል።

«ደም እንዳትነካ ግዝት እንዳለብህ አውቃለሁ» አለች። «ግን ወዴት ልሂድ? ሴት ዶሮ ስታርድ ተቆረጠች ቢባል ከሰቆጣ መውጣቴ ነው።»

ከንፈሩ ነጣ። ጆሮው ጮኸ። ጉልበቱ ሊከዳው ሲል ግን፣ እስከ ዛሬ እንዴት እንዳላሰበው የሚገርመው አንድ ሐሳብ መጣለት። የሚወድቅ የቆመ ሰው ነው፤ የተቀመጠ ወዴት ይወድቃል? እዚያው በሩ ላይ መሬት ላይ ዘጭ አለ። እሷንም ጎትቶ አጠገቡ አስቀመጣትና እጇን ወደ ላይ አንሥቶ በሁለት መዳፉ ተጭኖ ያዘው። ግድግዳው ሲዞርበት ይዙር ብሎ ተወው።

«እትዬ ይታየሽ፣ እኔ ሰው አልገደልኩም።»

«እሱን አሁን ተወው፣ ልጄ።»

«አልገደልኩም እኮ። ደም እፈራለሁ። የገና ዕለት ዶሮዎን የሸሸሁት ፈርቼ ነው። ሰው ሁሉ ሲያከብረኝ ጊዜ ጣፈጠኝና ዝም አልኩ። አላፊዎቹ ያሉዎትን በሩን ዘግቼ ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ወንድ ያጡት በእኔ ነው፤ የተቆረጡትም በእኔ ነው።»

ይታየሽ አየችው። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል፤ እጁ ግን እጇን አልለቀቀም። «ዶሮ?» አለች። «ያ ሁሉ ሰው የሚነሣልህ፣ አንተ ዶሮ ፈርተህ?» ከዚያ ሳቋ መጣ። እንዲህ ያለ ሳቅ ባሏ ከሞተ ወዲህ ስቃ አታውቅም፤ ሆዷን ይዛ እንዳትስቅ እጇ ተይዟል፤ ትከሻዋ እየተርገፈገፈ እንባዋ ፈሰሰ። በሳቀች ቁጥር ደሙ በጣቶቹ መካከል ይመጣል። የኔሰው ተናደደ። «አይሳቁ» አላት፤ «ደሙ እኮ እየጨመረ ነው። እጅዎን ዝቅ አያድርጉት። በአፍንጫዎ ይተንፍሱ።» እንዲህ እያለ ሲቆጣት ሲቆጣት ቆይቶ፣ ደሙን ትክ ብሎ እያየው እንደሆነ ዘግይቶ ገባው። ከንፈሩ አሁንም ነጭ ነው፤ ጆሮውም ይጮኻል። እሱ ግን አልሄደም፤ እዚያው ነው።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሲስተር መስታወት ምጥ የያዛት ሴት ላይ ነበሩ። በበሩ ቀዳዳ ብዙ ይደማ እንደሆነ ጠየቁት፤ ጋብ ብሏል አላቸው። ምጧን ትተው መምጣት እንደማይችሉ ነግረው ጀምር አሉት። የኔሰው አጭር በርጩማ አመጣ፤ ይታየሽን ወንበር ላይ፣ እጇን በርጩማው ላይ፣ ራሱን ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠ። ታጠበ፣ ጓንት አደረገ፣ ማደንዘዣ ወጋ፣ መርፌውን ያዘ። ፊቱ በገረጣ ቁጥር ይታየሽ ጎንበስ ብላ ታየውና «የኔሰው፣ አለህ?» ትለዋለች።

«አለሁ፣ እትዬ።»

አንዱን ስፌት ይጨርሳል። ያርፋል። «አለህ?» «አለሁ።» ደግሞ ሌላውን። ሲስተር መስታወት የሕፃኑ ልቅሶ ከተሰማ በኋላ ብቅ ቢሉ ተማሪያቸው መሬት ላይ ነው። ፊታቸው ወደቀ።

«ወደቅህ?»

«አልወደቅሁም፣ ሲስተር። ተቀምጬ ነው።»

ጎንበስ ብለው ስፌቱን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ሦስተኛይቱ ትንሽ ጠማማ እንደሆነች ነገሩት። የማክሰኞው ፈተናም እንዳልቀረለት ጨመሩበት፤ የቤት አከራዩን መስፋት ሌላ፣ የማያውቁትን ታማሚ መስፋት ሌላ ነው አሉ።

ይታየሽ ሽንኩርት ስትከትፍ እንደተቆረጠች ለከተማው ተናገረች። ስለ ራሷ ይህን ብቻ አለች፤ ስለ ተከራይዋ ግን አንድም አላስቀረችም። ዶሮዋን ካሤ ያኑ ዕለት ከሰዓት መጥቶ ባረካት። የኔሰው ያን ጊዜ ክፍሉን ዘግቶ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ቀን አይሆንም። ካሤ ክፉኛ አዝኗል፤ ያን የመሰለ ታሪክ በዶሮ ሲያልቅበት እንዴት አያዝን። አባ ገብረ ጻድቅም እግዚአብሔርን አመስግነው ሲያበቁ ለእርቁ ቀጠሮ የያዙላቸውን ሽማግሎች ሊያሰናብቱ ሄዱ። በፋሲካ ዕለት የኔሰው ጠላ ቤት ሲገባ የጥጉ ቦታ በሰው ተይዞ ነበር። አንዱ ጎረምሳ እንደ ዶሮ ካካ አለበት፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የኔሰው አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ ግን አልሆነለትም። ሳቁ አይደለም ያስጨነቀው። ማክሰኞ እጁን ወይ እግሩን ለፈሪ ነርስ የሚሰጥ ሰው ከየት ይመጣል? ያ ካልመጣ ደግሞ ፈተና የለም፤ ወደ ደሃና መመለስ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ከፃግብጂ አንድ ሽማግሌ በበቅሎ መጡ፤ አያ ገብረ አማኑኤል ይባላሉ። እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያው ስቶ እግራቸውን ይዟቸዋል። ከበቅሎ ወርደው ትንፋሽ ያገኙት ይታየሽ ደጅ ነበርና ወሬውን ሁሉ ጠጥተውት መጥተዋል። ሲስተር መስታወት ተማሪው እንደሚሰፋቸው ሲነግሯቸው ሽማግሌው ቀና ብለው በዋግ ሰዎች ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ጠየቁት፤

«ያ ደም የሚፈራው ልጅ አንተ ነህ?»

በር ላይ የቆሙት ታማሚዎች ዞረው አዩት። የኔሰው አንገቱን ደፋ። ከገና ጀምሮ አፉ ላይ ስትመላለስ የነበረችውን ቃል አሁን በራሱ ቋንቋ፣ ሁሉ እየሰማ አላት።

«አዎ፣ አባቴ፣ እፈራለሁ። ከፈለጉ ሲስተር ይስፉዎት።»

ሽማግሌው እግራቸውን አልሰበሰቡም። «ተው እባክህ» አሉት። «የማይፈሩት ሁለቴ ሰፍተውኛል፤ እንደ ስልቻ ነው የሰፉኝ። እኔም ደም እፈራለሁ፤ ለልጆቼ አልነገርኳቸውም እንጂ። አንተ ስፋኝ። ብቻ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ አንተ እንዳትጨፍን።»

የኔሰው መሬት ላይ ተቀመጠ፣ እግራቸውን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ከንፈሩ ነጥቷል። ዓይኑን ግን አልጨፈነም።